አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት

ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ በኋላ የሚመጣውን ጥፋት ከወዲሁ ለማስረዳት ነው። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። እርሳሶቼ በቁመታቸው ይሰለፋሉ። ካልሲዎቼ የሰኞ፣ የማክሰኞ ተብለው ተለይተዋል፤ አንድ ሳምንት የረቡዕ ካልሲዬ ጠፍቶብኝ ሐሙስን በጥርጣሬ ነው ያሳለፍኩት። አንድ ነገር ስጠየቅ ደግሞ መልሱን ብቻ ሰጥቼ መሄድ አልችልም። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለጠየቀኝ ሰው፣ የእኛና የፈረንጁ አቆጣጠር ለምን በስድስት ሰዓት እንደሚለያይ ካልጨመርኩለት ግማሹን የነሣሁት ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ ሰው ሁለት የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ቢኖረው ጥሩ ነው ብሎ የመከረኝ ሐኪም የለም። ራሴ ነኝ የመረጥኳቸው። አንደኛው የስፖርት መኪናዬን በገዛ እጄ መጠገን ነው። ሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ኢላማ መተኮስ ነው። የሚያስተምሩኝ ግን አንድ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ታምራት።

የስፖርት መኪና ስል አትጎምጁ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ በአንድ ወቅት ቀይ እንደነበረች የሚታመን መኪና ናት። ፀሐዩ ቀይዋን ወስዶ ሮዝ ትቶላታል። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ኮፈኗን ስከፍት በልቤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ጋሽ ታምራት ፓራዳይዝ ውስጥ በምንኖርበት አፓርትመንት ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። አገር ቤት ጋራዥ ውስጥ ያደጉ መካኒክ ናቸው። በሱዳን በኩል ተሰደው እዚህ ከገቡ ጀምሮ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሆቴል አውቶቡሶች ሲጠግኑ ኖረዋል። እሳቸው ጡረታ ቢወጡም ጆሯቸው ገና ሥራ ላይ ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በመንገድ የሚያልፈውን መኪና ሕመም በድምፁ ይለያሉ። «ይኼ ማርሚታው ተበስቷል። ይቺ ደግሞ ፍሬኗ ብረት ለብረት ነው፤ ጎረምሳ ነው የሚነዳት» ይላሉ።

በጆሮ የሚለዩት ግን ወደው አይደለም። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። እዚሁ ተወልዳ ያደገችውና ፋርማሲ የምትሠራው ልጃቸው ሰላም የመኪናቸውን ቁልፍ ወስዳባቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ወደ ኢላማ ሜዳው የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ በምላሹ ስለ ሞተርም ስለ ጠመንጃም ያስተምሩኛል። ነጩን ወረቀት አያዩትም። መሃሉ ላይ ያለውን ጥቁር ክብ ግን ጉም ውስጥ እንደቆመ በሬ ያዩታል።

ነገሩ የጀመረው አንድ ሐሙስ ነው። መፍቻ ልዋስ ወደ ቤታቸው ስወጣ አባትና ልጅ ተፋጠው ደረስኩ።

«አባ፣ ሰርጀሪው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ዶክተሩ ኤቭሪ ዴይ ያደርጋል።»

«ዓይኔ ቢላዋ ያያል እንጂ ቢላዋ ዓይኔን አያይም!»

«አንተ እኮ አሁን ቢላዋም አታይም። ትናንት ሽንኩርት በማንኪያ ልትቆርጥ ነበር።»

«ማንኪያው ስለታም ነበር።»

ሰላም በረጅሙ ተነፈሰችና ወደ እኔ ዞረች። «ኦኬ። ዲል እናድርግ። ቅዳሜ አሥር ጊዜ ይተኩሳል። ሰባቱ ጥቁሩ ውስጥ ከገባ፣ እስከ ፋሲካ ዝም እላለሁ። ካልገባ ሰርጀሪ ያደርጋል።»

«ማን ነው የሚቆጥረው?» አሉ ጋሽ ታምራት።

«ቲቸሩ።»

«ይሁን። መምህር ቢያሰለች እንጂ አይዋሽም።»

ስወጣ ሰላም እስከ ደረጃው ተከተለችኝ። ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «ባለፈው ሳምንት እዚህ ጋ ደረጃውን ሚስ አደረገ። ሬሊንጉን ባይዝ ኖሮ… አልነገረህም አይደል?» አለችኝ። አልነገሩኝም ነበር። ደረጃዎቹን ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አራት ናቸው። እኔ ስጨነቅ እቆጥራለሁ።

እንግዲህ ለዚያ ቅዳሜ መኪናዋ ደህና መሆን ነበረባት። ጋሽ ታምራትም፣ «አራት ካንዴላ ግዛና ቀይርላት፤ አሮጌው ደክሟል» አሉኝ።

እዚህ ላይ ማስረዳት አለብኝ። እዚህ አገር የመጣሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። የቤት አማርኛና የትምህርት ቤት አማርኛ ይዤ መጥቻለሁ፤ የጋራዥ አማርኛ ግን ማንም አላስያዘኝም። ስለዚህ ጋሽ ታምራት ካቻቪቴ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ ሲሉ እንዲህ ብዬ አሰብኩ። ቃላቱ አማርኛ አይመስሉም። አማርኛ ካልሆኑ እንግሊዝኛ ናቸው። እኔ የማላውቃቸው ከሆነ ደግሞ የባለሙያ እንግሊዝኛ ናቸው። ድምዳሜው ሥርዓት ነበረው፤ የጎደለው እውነት ብቻ ነው።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ እዚያው ሰፈር ወዳለ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ በስፓኒሽ የሚያዜሙ ሽማግሌ ናቸው። እንግሊዝኛዬን አሳምሬ፣ «ካንዴላ፣ አራት» አልኳቸው። በሐዘኔታ አዩኝ። ክርኔን ይዘው እስከ በር አደረሱኝና ጎረቤት ያለውን ሱቅ አመለከቱኝ። ገባሁ። መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች የቅዱሳን ሥዕል በተለጠፈበት ብርጭቆ ውስጥ የተሞላ ሻማ ነው። ይህ አገር ፋርማሲ ውስጥ እንቁላል የሚሸጥበት ስለሆነ፣ ከሻማ ጋር የመኪና ዕቃ ቢሸጥ ምን ይደንቃል ብዬ ጥቂት ፈለግኩ። ባለሱቋ ለምን እንደምፈልገው ጠየቀችኝ። «ለመኪናዬ» አልኳት። አንገቷን ነቀነቀችና መንገደኞችን የሚጠብቀውን ቅዱስ መርጣ ሰጠችኝ። እንቢ ማለት አፍሬ ይዤው ወጣሁ።

ጋሽ ታምራት በእጃቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱት። «መምህር፣ ይኼ ሰም ነው።»

ከዚያ ሳቁ። የሳቁት ረጅም ሳቅ ነው፤ ሲያበቃ ዓይናቸውን ጠርገው ቃሉ ከጣልያኖች የተወሰደ መሆኑን፣ እነሱ ሻማውንም ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭረውንም ካንዴላ እንደሚሉ ነገሩኝ። ሻማውን ግን አልጣሉትም። «አስቀምጠው። በአያያዝህ ጸሎት ሳያስፈልገን አይቀርም» አሉ።

አሮጌውን ፈትቼ፣ በእጄ ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ዕቃ በእጅ ሲያዝ ሁሉም ሰው በሁሉም ቋንቋ ይገባዋል። አራቱን አዲሶች ይዤ ስመለስ ጋሽ ታምራት ከበረንዳቸው ሆነው፣ «የካንዴላዎቹን ገመዶች ስትመልስ ተራቸውን ጠብቅ!» አሉኝ።

ይህን ለእኔ መንገር ለዓሣ ስለ ዋና መንገር ነው። ተራ የእኔ ሙያ ነው። በእርግጥ አራቱንም ገመዶች በአንድ ጊዜ ነቅዬ፣ ጠርጌ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ የትኛው ከየት እንደመጣ ረስቻለሁ። ቢሆንም ምን ያስጨንቃል? ቁጥር የጻፍኩባቸው አራት ተለጣፊ ወረቀቶች አዘጋጀሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በዚሁ ተራ ሰካኋቸው። ትንሽ ራቅ ብዬ አየኋቸው። ክፍሌ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያማረ ሰልፍ አይቼ አላውቅም።

ቁልፉን አዞርኩ። መኪናዋ አንዴ አቃሰተች፤ ከዚያ በማርሚታዋ፣ በጭስ ማውጫዋ በኩል፣ ተኮሰች።

ተኮሰች ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ርግቦች ከጣሪያ ተነሡ። የሦስት መኪና ማንቂያ ጮኸ። የካዚኖ የሌሊት ፈረቃቸውን ጨርሰው ቀን የሚተኙ ጎረቤቴ መስኮት ከፍተው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ «እኔ ምንም አላየሁም!» አሉ። እኔም እጄን አነሣሁ። ሁለታችንም ለማን እንደተማረክን ሳናውቅ እንዲሁ ጥቂት ቆየን።

ጋሽ ታምራት የደረጃውን መደገፊያ ብረት ይዘው፣ ደረጃውን በእግራቸው እየዳሰሱ ወረዱ። እያንዳንዱን ደረጃ ከእሳቸው ጋር ቆጠርኩ።

«ተራቸውን ጠብቅ አላልኩህም?»

«ጠብቄያለሁ፣ ጋሽ ታምራት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።»

«እሱ የማነው ተራ?»

«የቁጥር ነዋ።»

«ይኼ ሞተር ነው እንጂ ክፍል አይደለም።» ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ዓይናቸው ወደ ሰማይ ነው የሚያየው፤ ጣቶቻቸው ግን ገመዱን ከገመድ እየለዩ፣ አንዱን እየነቀሉ ሌላውን እየሰኩ ይሄዳሉ። «አንድ። ከዚያ ሦስት። ከዚያ አራት። መጨረሻ ሁለት። የሞተር ተራው ይኼ ነው።»

«ይህ እኮ ተራ አይባልም።»

«አራት ጎረቤት ከዳር እስከ ዳር ተከታትለው ቢጮሁ ቤቱ ይናወጣል። አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ሲሆን ነው የሚረጋው። አሁን አስነሣት።»

አስነሣኋት። እንደ ጠገበች ድመት ማንኮራፋት ጀመረች። ጋሽ ታምራት እጃቸውን በሱሪያቸው ጠርገው፣ «ጆሮና ጣት ካለ ዓይን ምን ይሠራል?» አሉ። 

ቅዳሜ ማለዳ ጣሪያዋን ገልጠን ወደ ሰሜን ነዳን። ሜዳው ሞልቶ ነበር። ሌላ ጊዜ ራቅ ራቅ ብለን ነው የምንቀመጠው፤ ያን ቀን ግን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጠረጴዛዎች ብቻ ተገኙ። ኢላማዎቻችንም ሃምሳ ያርድ ርቀው ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ጋሽ ታምራት የጆሮ መከላከያቸውን ሊያደርጉ ሲሉ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «መምህር፣ ዛሬ ጥብብ ብሏል። ተራህን ጠብቅ» አሉኝ።

አሁን ይህን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱት። እሳቸው ማለታቸው፣ በራስህ መስመር ላይ ያለውን የራስህን ኢላማ ምታ ነው። እኔ የሰማሁት፣ ዛሬ ፈተና ላይ ነኝና እኔ እስክጨርስ ጠብቅ የሚል ነው። ቃሉ ሁለቱንም ይችላል፤ ምርጫውን ለሰሚው የሚተው ክፉ ቃል ነው። እኔም እንደ ጨዋ ፈታኝ ጠመንጃዬን አስቀምጬ፣ እጄን አጣጥፌ፣ የጋሽ ታምራትን ኢላማ ትክ ብዬ ማየት ጀመርኩ። አንድ ተኮሱ። ዓይኔን አልነቀልኩም። አምስት። አልነቀልኩም። አሥሩን ሲጨርሱ ያንን ወረቀት ከገዛ ፊቴ ይልቅ አውቀው ነበር። ተራዬ ደረሰ አልኩ፤ ጠመንጃዬን አነሣሁ፤ ዓይኔ በለመደበት አነጣጠርኩ፤ አምስቱን ጥይቴን ረጋ ብዬ ጨረስኩ።

ተቆጣጣሪው ተኩስ አቁሙ ብሎ ጮኸ። ሁሉም ጠመንጃውን አስቀመጠ። ወረቀቶቹን ለማምጣት ሄድኩ።

የእኔ ወረቀት በፈተና ቀን የቀረ ተማሪ ወረቀት ይመስል ነበር። ንጹሕ። ምን ዓይነት ተኳሽ ቢሆን አምስቱንም ይስታል እያልኩ በራሴ ስገረም ጋሽ ታምራት ከኋላዬ ሆነው፣ «ቁጠርልኝ! ጥቁሩ ውስጥ ስንት አለ?» አሉ። የተጠየቅኩትን ቆጠርኩ። ከታች በግራ በኩል ነጩ ላይም ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ግን ስለ ነጩ አልተጠየቅኩም።

«ስምንት» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣና እውነቱ ወደ ራሴ ሲገባ በር ላይ ተገናኙ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ በጠቅላላው አሥራ ሦስት ነው። ሰውየው የተኮሱት አሥር።

ጋሽ ታምራት ግን ስልካቸውን አውጥተው ነበር። «ሰላም! ስምንት ነው! ስምንት! ቢላዋህን አጥበህ አስቀምጥ በይው ለዶክተርሽ!» ወረቀቱን ስመው፣ አጥፈው እንዳስቀምጥላቸው ሰጡኝ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ያለው ሰው አይቼ አላውቅም፤ ደስታው ውስጥ ደግሞ አምስት የእኔ ጥይቶች አሉ።

ከዚያ ወደ ቻይናታውን ሾርባ ልጋብዝህ አሉኝ። መንገዱን በሙሉ ሒሳብ ሠራሁ። የእኔ አምስት የት ገቡ? ረጋ ብዬ ነው የተኮስኩት፤ ትንፋሼን ይዤ፣ ደንቡን ጠብቄ። እንግዲህ ጥቁሩ ውስጥ ያሉት የእኔ መሆን አለባቸው። ዓይናማ እኔ ነኝ፤ ሞራ የጋረዳቸው እሳቸው ናቸው። ነጩ ላይ የተበተነው የእሳቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ትሕትና የሚባለው ነገር ወደ አእምሮዬ ብቅ አላለም።

ዝም ብልስ? ሰው ደስ ብሎታል። እስከ ፋሲካ አራት ወር ነው። ግን አሥራ አራት ደረጃ አለ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ቢወርዱና ቢወጡ ሃምሳ ስድስት፤ በአራት ወር ደግሞ… መቁጠሩን አቆምኩ።

ሾርባው ሲመጣ ነገርኳቸው። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ተራ የሚለውን ቃል ሁለት ትርጉም ዘርዝሬ፣ አስረድቼ። ጋሽ ታምራት ማንኪያቸውን አስቀመጡ።  

«ከስምንት አምስት ሲቀነስ?» አሉ።

«ሦስት።»

«ሦስት።» እጃቸው ማንኪያውን ፍለጋ ጠረጴዛው ላይ ሄደ፤ የጨው ዕቃውን አገኘና ተመለሰ። አልረዳኋቸውም፤ የሚወዱት አልመሰለኝም። «መምህር ነህ፤ በሒሳብ አልከራከርህም።» ስልካቸውን አወጡ። «ሰላም፣ ተሳስቷል መምህርሽ። ቀጠሮውን ያዢ።» ከዚያ ለእኔ፣ «ያቺን ሻማ አምጣት። ጊዜዋ ደርሷል» አሉኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ታምራት ጥቁር መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቆመዋል። ብቻቸውን ነው የወረዱት። ፊቴን እንደማያውቁት ሰው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«መምህሩ አለ?»

«እኔ ነኝ እኮ፣ ጋሽ ታምራት!»

«ምን? ለካ ልጅ ነህ!» አሉ፤ ደንግጠው። «ስታስረዳ እኮ የሃምሳ ዓመት ሰው ትመስላለህ!»

ገብተው ሁሉንም ነገር እያነሡ አዩ። እርሳሶቼን አይተው ሳቁ። ከዚያ የኢላማ ወረቀቶቼን የማኖርበትን ፋይል አገኙ። ከጀመርኩበት ቅዳሜ አንሥቶ በቀናቸው ተደርድረዋል፤ ወረቀቱን ያገኘው ጥይት ብዛት በቀይ ከጀርባቸው ተጽፏል፤ አምስት ከአምስት። የዚያ ቀኑም ወረቀት መጨረሻ ላይ አለ። አንድ በአንድ ገለጧቸው።

«እነዚህን አይተሃቸው ታውቃለህ?»

«በሚገባ። ሁሉንም ቆጥሬያቸዋለሁ።»

«መቁጠርህንማ አውቃለሁ። አየሃቸው ወይ ነው ያልኩህ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። በየወረቀቱ ላይ ከታች በግራ በኩል አምስት ቀዳዳ ተሰልፏል። እኩል እኩል ተራርቆ፣ ወደ ቀኝ እየሄደ፣ ደወል እንደሚጠብቅ ክፍል። ከእያንዳንዱ ጥይት በኋላ ትንሽ ወደ ቀኝ አርማለሁ፤ እርማት አመሌ ነው። አንድም ቅዳሜ፣ አንድም ጥይት ጥቁሩን አልነካም።

ጋሽ ታምራት የመጨረሻውን ወረቀት ከሌሎቹ ጎን አኖሩት። ጥቁሩ ውስጥ ስምንት። ከታች በግራ፣ ነጩ ላይ፣ አምስት፤ ተሰልፈዋል። ወረቀቱን የሳቱት የእሳቸው ሁለት ጥይቶች ብቻ ናቸው።

«ከስምንት ዜሮ ሲቀነስ፣ መምህር?»

«ስምንት» አልኩ፤ ማብራሪያ ሳልጨምር።

ከራሴ እስከ እግሬ አፈርኩ። «ይቅር ይበሉኝ። ያሸነፉትን ሰው ነው ለቢላዋ የዳረግኩት።»

ጋሽ ታምራት በመስኮቱ በኩል ወደ ምሥራቅ ያያሉ። «ያ ተራራ ስንጥቅ ስንጥቅ አለው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶዬን አንሥተው ወረቀቱ ላይ ስምንት ቁጥርን አግዝፈው ጻፉና አከበቡት። «ይቺን የሰላም ፍሪጅ ላይ እለጥፋታለሁ። አንተ ደግሞ ቁልፉን አምጣ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የመኪናዋን። ሁለት ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ ስለ ፍሬን ስታስረዳኝ ስሰማ ከርሜያለሁ። አሁን ተራዬ ነው።»

ለሰላም ደወልኩላት። «ዶክተሩ ኦኬ ብሏል፤ ይንዳ» አለችኝ። «አንተ ግን ሲት ቤልት አድርግ።»

ጣሪያዋን ገልጠን ወጣን። መጀመሪያ የደረስንበት መስቀለኛ መንገድ መብራት የለውም፤ በአራቱም በኩል ቁም የሚል ምልክት አለ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያልፋል። ከፊት ለፊታችን አንድ መኪና ቀድሞን ደርሷል፤ እኛ ሁለተኛ ነን፤ ሌሎች ሁለት ከእኛ በኋላ በግራና በቀኝ ደረሱ። ይህንን ለጋሽ ታምራት በዝርዝር ማስረዳት ጀመርኩ።

«መምህር» አሉኝ፣ «ተራህን ጠብቅ።»

 በዚህኛው ጊዜ ግን ጠየቅኩ። «የትኛውን ተራ ነው፣ ጋሽ ታምራት?»

ሳቅ ያዛቸው። መሪው ላይ ተደፍተው፣ በአዲሱ ዓይናቸው እንባ እየወረደ ሳቁ። እኔንም ያዘኝ። አንደኛው መኪና አለፈ። ሦስተኛው ጠብቆን ጠብቆን አለፈ። አራተኛውም እጁን አውለብልቦልን አለፈ። ከዚያ እኛ ሁለተኞቹ፣ ያለ አንዳች ተኩስ፣ ቀስ ብለን ተሻገርን።